ቅሪተ አካል እየለቀሙ በጀልባ መጓዝ፦ ውጭ የሚሠራው ለጎንደር እንዳለ የማይሆነው ለምንድን ነው?

በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጠረፍና በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ ትንንሽ ጀልባዎች ጥቂት ጎብኚዎችን ይዘው በባሕር ዳር ረግረግ ውስጥ ይዞራሉ። አስጎብኚው ወፎቹን ያሳያል። እንግሊዝ ላይ ደግሞ ጭቃ ላይ የተኙትን አቆስጣዎች ያሳያል፤ አቆስጣ ባሕር ውስጥ እየኖረ ለማረፍ ወደ የብስ የሚወጣ አጥቢ እንስሳ ነው። ከዚያ ጀልባው ደለል ዳር ይቆምና ጎብኚዎቹ ወርደው የሚሊዮን ዓመታት ዕድሜ ያለው የሻርክ ጥርስ ይለቅማሉ። ያገኙትን በኪሳቸው ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ጎንደር ውስጥ ስለ ቱሪዝም መነቃቃት ሲወራ እንዲህ ያለው ጉዞ በምሳሌነት ቢነሣ የሚያስገርም አይደለም። ከተማዋ ከጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ከ60 ኪሎ ሜትር ብዙም አትርቅም፤ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተሠራው የጎርጎራ ሪዞርትም እዚያው ነው። በስተ ምዕራብ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ከ27 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የዝሆን ዘመዶች አጥንት የተገኘበት ጭልጋ አለ። ከእርሱ ባሻገር በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የዓለም መገናኛ ብዙኃን ያወሩለት የሽንፋ ወንዝ ጥንታዊ ሰፈር ይገኛል። ጣናም አለ፣ ቅሪተ አካልም አለ፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ትኬት ማያያዝ ነው የቀረው የሚል ሐሳብ ከዚህ ይነሣል።

ሐሳቡ ግማሹ ትክክል ነው። ወፍና የዱር እንስሳ በጀልባ ማሳየት ጣና ላይ የሚቻል፣ የሚገባም ሥራ ነው። ቅሪተ አካል መልቀም ግን ከዚህ ጋር ሊጣመር አይችልም፤ ጭልጋም ላይ ሆነ ሽንፋ ላይ በጭራሽ መፈቀድ የለበትም። ልዩነቱ ከባሕር ጠባይ፣ ከአጥንቱ ብዛትና ከሕጉ ይመጣል። ከባሕሩ እንጀምር።

ጨዋማ ረግረግ እንዴት ይሠራል?

ባሕር በጨረቃና በፀሐይ ስበት እየተሳበ በአብዛኛው የዓለም ዳርቻ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሞገዱ በማይበረታበት፣ ደለል በሚረጋበት ወሽመጥ ውስጥ ይህ ሙላትና ጉድለት ጨው የሚችሉ ሣሮችና ቁጥቋጦዎች የሚበቅሉበት ጠፍጣፋ መሬት ይፈጥራል። ጨዋማ ረግረግ የሚባለው ይህ ነው። በውስጡ እንደ ደም ሥር የተጠማዘዙ ቦዮች አሉት። ውሃው ሲሞላ ጀልባ በቦዮቹ ይገባል፤ ሲጎድል ጭቃው ይገለጥና ወፎች ትል ለመልቀም ይወርዱበታል።

በእንግሊዝ ኤሴክስ ግዛት ኔዝ ከሚባለው የባሕር ዳር ገደል አጠገብ ያለው ሃምፎርድ ዎተር ጥሩ ምሳሌ ነው። በአውሮፓ የብርድ ወራት ከሳይቤሪያ የሚሸሹ ዝይዎች ያርፉበታል። አቆስጣዎቹ በጭቃው ውስጥ ባለው የብረት ኦክሳይድ ምክንያት ጠጉራቸው ቀላ ብሎ ይታያል። አጠገቡ ያለው ገደል ደግሞ ከ50 ሚሊዮን ዓመት በፊት በባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ሸክላ ነው። ማዕበል ሥሩን በየዓመቱ ይቦረቡረዋል፤ ገደሉ ይናዳል፤ በውስጡ የነበረው የሻርክ ጥርስ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊትና የእንጨት ቅሪት በአሸዋው ላይ ይበተናል።

ለክርክሩ ወሳኙ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። በዚያ ዳርቻ ያልተለቀመ ጥርስ በሚቀጥለው ማዕበል ይፈጫል ወይም ወደ ጥልቁ ይወሰዳል። ባሕሩ አሮጌውን እየወሰደ ሁልጊዜ አዲስ ያወጣል። ሻርክም በሕይወቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥርሶች እያበቀለ የሚጥል ዓሣ በመሆኑ ጥርሱ የአከርካሪ አጥንት ካላቸው እንስሳት ቅሪተ አካል ሁሉ በጣም ከተትረፈረፉት አንዱ ነው። አንድ ሕፃን አንዱን በኪሱ ቢከት ሳይንስ ብዙ አይጎድልበትም።

እንዲያም ሆኖ ነጻ አይደለም። የኔዝን ገደል መቆፈር ክልክል ነው፤ የሚለቀመው ከአሸዋው ላይ የወደቀው ብቻ ነው። በፍሎሪዳ የአከርካሪ አጥንት ያላቸውን እንስሳት ቅሪተ አካል ከመንግሥት መሬት ለመሰብሰብ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሻርክ ጥርስ ግን ስለበዛ ብቻ ከፈቃዱ ውጭ ተደርጓል። በደቡብ ካሮላይና ከውሃ ሥር የሚለቅም ጠላቂ የሆቢ (የትርፍ ጊዜ ለቃሚ) ፈቃድ ማውጣት አለበት። ውጭ አገር ሁሉም እንደልቡ ይለቅማል የሚለው ወሬ ስለዚህ ለዚያውም አገር እውነት አይደለም።

ጣና ሌላ ዓይነት ውሃ ነው

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠ ጨው አልባ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን ከ10 ሜትር በታች ነው። ቅርጹን የሰጠው የዓባይን መውጫ የደፈነው የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው። ጨረቃ የምታነሣው ሙላትና ጉድለት የለውም፤ እንደ ባሕር ሙላት ያለው ነገር በዓመት አንድ ጊዜ ክረምት ያመጣው ነው። ውሃው በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል፣ ከዚያ እስከ ግንቦትና ሰኔ ቀስ እያለ ይሸሻል። ከሐይቁ በስተ ሰሜን ባለው በደምቢያ ሜዳ ገበሬው የሸሸውን ውሃ ተከትሎ የሚያርሰው መሬት ባሕር ሸሽ የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በባሕር ዳር ከተማ አጠገብ ያለው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ የሐይቁን ከፍታ በከፊል በሰው እጅ አድርጎታል።

በዚህ ዳርቻ የሚበቅለው ደንገልና ፊላ ነው። ደንገል ታንኳ የሚሠራበት ነው፤ ፊላ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ሸምበቆ መሳይ ተክል ነው። ሁለቱም ደለል ያጣራሉ፣ ዓሣ ይራባባቸዋል፣ ወፍ ጎጆ ይሠራባቸዋል። ጨዋማው ረግረግ ለባሕር የሚሰጠውን አገልግሎት እነዚህ ለጣና ይሰጣሉ፤ ከዱር እንስሳ ጉብኝት አንጻር ንጽጽሩ ልክ የሚሆነው በዚህ ብቻ ነው።

የሻርክ ጥርስ ግን ጣና ዳር አይገኝም። ሐይቁ የተቀመጠበት አገር 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠረ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሸፈነ ነው፤ የጥንት ባሕር ድንጋይ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚታየው ወንዝ ጠልቆ በቆረጠበት፣ ለምሳሌ በዓባይ ሸለቆ፣ ወይም እንደ መቀሌ አካባቢ ባለ የኖራ ድንጋይ ላይ ነው። የሐይቁ ወለል ደለልም ለቅሪተ አካል ለቀማ የሚሆን አይደለም። ተመራማሪዎች ከወለሉ ያወጡት ደለል ያሳየው ይልቅ ሌላ አስደናቂ ነገር ነው፤ ከ16,000 ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ ነበር። ለዱር እንስሳ የሚወጣ ጀልባ ስለዚህ ቅሪተ አካል ያለበት ቦታ ፈጽሞ አያደርስም። ሁለቱን በአንድ ጉዞ ለማድረግ ጎርጎራ ላይ ከጀልባ ወርዶ በመኪና በደምቢያ አድርጎ ወደ ጭልጋ ከተማ ወደ አይከል መውጣት ያስፈልጋል።

ጭልጋ ላይ ያለው ምንድን ነው?

ጭልጋ ከጎንደር በስተ ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእሳተ ገሞራ ድንጋዮች መካከል ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የወንዝና የረግረግ ደለል ተቀብሮ ይገኛል። በአካባቢው የታወቀው ዝቅተኛ ጥራት ያለው የድንጋይ ከሰልም የዚያ ረግረግ ዕፅዋት ነው። ጓንግና ሌሎች ወንዞች ደለሉን ሲቆርጡ አጥንትና ቅጠል ይወጣል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ሲታተም ዓለም አቀፍ ዜና ሆነ።

ለምን ዜና እንደሆነ ማስረዳት ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም የጭልጋ ትርጉም በጎንደርም ቢሆን በሚገባው መጠን አይነገርም። በዚያ ዘመን አፍሪካና ዐረቢያ አንድ ላይ ሆነው ከእስያ በባሕር የተለዩ ደሴታዊ አህጉር ነበሩ። ከ32 እስከ 24 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ በዚህ ደሴት ላይ ምን ይኖር እንደነበር ማስረጃው በጣም ጥቂት ነበር። ጭልጋ ያንን ክፍተት ሞላ። ፓሊዮማስቶዶንና ጎምፎቴሪየም የሚባሉ የዝሆን ዘመዶች ተገኙ። ስሙን ከጭልጋ የወሰደው ቺልጋቴሪየም ወደ ታች የሚያጎነብስ ጥርስ የነበራቸው የእነ ዴይኖቴሪየም ወገን ነው። አርሲኖይቴሪየም አውራሪስ ይመስላል፤ አፍንጫው ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ግዙፍ ቀንዶች አሉት፤ በዝምድና ግን ከአውራሪስ ይልቅ ለዝሆን ይቀርባል። የዛሬው ትንሽ ሽኮኮ ዘመዶችም ነበሩ፣ አንዳንዶቹ ከዐሣማ የገዘፉ። በአንጻሩ ከጊዜ በኋላ ከእስያ የገቡት የአውራሪስና የከብት ወገኖች የሉም። ዝሆን አፍሪካ ውስጥ ተወልዶ ወደ ዓለም የወጣ ቤተሰብ ስለመሆኑ ማስረጃው ከጎንደር የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ነው ማለት ነው።

ከአጥንቱ ጋር ቅጠልም አለ። ዘንባባና የጥራጥሬ ወገን የሆኑ ዛፎች ተለይተዋል፤ አንዳንዶቹ የቅርብ ዘመዶቻቸው ዛሬ የሚገኙት በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ደኖች ውስጥ ነው። የዛሬው ጭልጋ ያኔ እርጥብ ደን ነበር።

ሽንፋ ዘመኑ ሌላ ነው። እዚያ የተገኘው ከ74,000 ዓመት በፊት የሰፈሩ ሰዎች ትተውት የሄዱት የድንጋይ መሣሪያ፣ የዓሣና የእንስሳ አጥንት፣ የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ነው። ቦታውን ታዋቂ ያደረገው ግን በደለሉ ውስጥ የተገኘ በዓይን የማይታይ የመስታወት ብናኝ ነው። ብናኙ በኢንዶኔዥያ ሱማትራ ከፈነዳው ከቶባ እሳተ ገሞራ በነፋስ የመጣ ነው። ተመራማሪዎቹ ከብናኙ በፊትና በኋላ ያለውን ንብርብር አነጻጽረው፣ አየሩ ሲደርቅ ሰዎቹ በተቆራረጡት የወንዝ ኩሬዎች ዓሣ ማጥመዱን እንዳበዙ አሳዩ። ከመሣሪያዎቹ መካከል ትንንሽ ሦስት ማዕዘን ስለቶች የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ እንደማይቀሩም ጽፈዋል።

ትልቁ ሀብት አፈሩ ነው

ከሽንፋ የሚወሰደው ትምህርት መልቀም ለምን እንደሚጎዳ ከማንኛውም ማስጠንቀቂያ በላይ ያስረዳል። አንድ እረኛ ወይም አንድ ቱሪስት ከዚያ ቦታ የሚያምረውን ስለት አንሥቶ ቢሄድ ስለቱ ይተርፋል፣ ታሪኩ ግን ይጠፋል። ስለቱ ከየትኛው ንብርብር ወጣ? ከቶባ ብናኝ በላይ ነበር ወይስ በታች? ምን አጥንት አጠገቡ ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች የሚመለሱት ዕቃው በወደቀበት ከተገኘ ብቻ ነው።

ጭልጋም እንዲሁ ነው። የሻርክ ጥርስ በእንግሊዝ ዳርቻ በሺህ ይቆጠራል፤ የጭልጋ መንጋጋ በጣት ይቆጠራል። የሻርኩን ጥርስ ማዕበል ቀድሞውኑ ከንብርብሩ ነቅሎታል፤ የጭልጋው አጥንት ብዙ ጊዜ ገና በንብርብሩ ላይ ነው ወይም ከእርሱ ጥቂት ክንድ ርቆ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ባለሙያው ፍርፋሪውን ሳይቀር ቦታውን መዝግቦ ያነሣዋል። ባሕሩ ያጠፋዋልና ቶሎ ለቅመን እናድነው የሚለው የውጮቹ ክርክር እዚህ አቅም የለውም፤ የክረምት ጎርፍ አጥንት ማውጣቱና መስበሩ እውነት ቢሆንም፣ መፍትሔው ባለሙያው ከክረምት በኋላ እንዲዞር ማድረግ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን በሰው እጅ ሥራ ብቻ አይወስነውም፤ ስለ ተፈጥሮ ሂደት የሚመሰክረውንም ይጨምራል። ቅርስ መፈለግና መቆፈር የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ይጠይቃል። ገበሬ ሲያርስ፣ ተቋራጭ መንገድ ሲቆርጥ በአጋጣሚ ያገኘውም ሰው ወዲያው ማሳወቅና ያገኘውን መጠበቅ አለበት። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። ቅሪተ አካል እየለቀሙ መጓዝን የሚሸጥ ድርጅት ከመነሻው ከዚህ ጋር ይጋጫል። ደንበኛው የውጭ ዜጋ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በፍተሻ ሊያበቃ ይችላል።

የአካባቢው ሰው ቅሬታ

አጥንቱ ከጭልጋ ይወጣል፣ አዲስ አበባ ይገባል፣ ጽሑፉ ባሕር ማዶ ይታተማል፤ ለጭልጋ ገበሬ ምን ቀረለት? ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሰው በደጁ ያለው ነገር ዓለምን ሲያስደንቅ እየሰማ የሚያየው ነገር ከሌለው፣ አንድ ቀን ገዢ ሲመጣ አጥንቱን ቢሸጥ ማንን እንወቅሳለን? መልቀም ይፈቀድና ገቢው ለወጣቱ ይሁን የሚሉት ወገኖች መነሻቸው ይህ ነው፤ ሕመሙን በትክክል ለይተውታል።

መድኃኒቱ ግን በሽታውን ያብሳል። ጎንደር ይህን ከሌላ ቅርስ ታውቀዋለች። የብራና መጽሐፍና አሮጌ መስቀል ገዢ ሲያገኝ ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት መጥፋት ጀመረ፤ ፍላጎቱ ሌባውን ፈጠረ። ቅሪተ አካልም ዋጋ የተቆረጠለት ዕለት የሚቆፈረው በሌሊት ነው፣ የሚሰበረው በዶማ ነው፣ የሚሸጠው ያለ ቦታ መዝገብ ነው። ጥቅሙም አንድ ጊዜ የሚበላ ነው፤ የተሸጠ መንጋጋ ሁለተኛ አይሸጥም።

የተሻለው መንገድ ቅጂ ነው። ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ጎብኚ የሚያያት ድንቅነሽ አብዛኛውን ጊዜ ቅጂ ናት፤ ዋናው አጥንት በማከማቻ ይጠበቃል። ከዚህ የተነሣ ሙዚየሙን የናቀ ጎብኚ የለም። ለአርሲኖይቴሪየም ራስ ቅልና ለቺልጋቴሪየም ጥርስ ቅጂ ተሠርቶ አይከል ወይም ጎንደር ላይ ቢቀመጥ፣ ደለሉን አይቶ የሚመለሰው መንገደኛ የሚያርፍበት፣ የጭልጋም ልጅ የአገሩን ዝሆን የሚያውቅበት ቤት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መልካ ቁንጡሬ በቁፋሮው ቦታ ላይ ሙዚየም አለው። ለአዲስ አበባ ቅርብ መሆኑ ረድቶታል፤ ጭልጋ ይህ ዕድል የለውም፣ ነገር ግን ጎንደርን የሚጎበኝ ሁሉ የአንድ ተጨማሪ ቀን ጎብኚው ሊሆን ይችላል።

ጀልባው በእውነት የሚሠራበት ቦታ

አሁን ወደ ውሃው እንመለስ፤ ተስፋው እዚህ ነው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ተብሎ ተመዝግቧል። ባዮስፌር ሪዘርቭ ማለት ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት ነገር ግን በቀጠና የተከፈለ ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ ፈጽሞ የማይነካ እምብርት፣ በዙሪያው መከለያ፣ ከዚያ ውጭ የልማት ቀጠና አለው። የጀልባ መሥመር ሲወጣ ይህን ካርታ ይዞ መነሣት ያስፈልጋል።

ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን የሸሹ ወፎች የጣና ዙሪያን ይሞላሉ። ከሁሉም የሚያምረው የክሬኖቹ መምጣት ነው። ክሬን ረጅም እግርና ረጅም አንገት ያለው ግዙፍ ወፍ ነው፤ ግራጫዎቹ ከሰሜን በሺዎች ሆነው ይመጣሉ፣ ራሱ ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ላባ ያለው ጥቁሩ ክሬን ደግሞ ኑሮው እዚሁ ነው። ፔሊካን፣ ሳቢሳ፣ ዓሣ አዳኝ ንስር፣ ዳክዬና ዝይ ይታያሉ። በወንዝ መግቢያዎች ጉማሬ፣ በዳርቻው አርጃኖ አለ።

የጉዞው ሰዓት የሚወሰነው በእነዚሁ ጠባይ ነው። ክሬን ቀኑን ማሳ ላይ ነው፤ ከአጨዳ በኋላ የወደቀውን እህል፣ የሽምብራውንና የጓያውን ቃርሚያ ይለቅማል። ሌሊቱን ጠላት እንዳይደርስበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድራል። ስለዚህ ከጀልባ የሚታየው ጎሕ ሲቀድ፣ ከማደሪያው በሕብረት ሲነሣ፣ ወይም ማታ ሲመለስ ነው። ረፋዱ ላይ ከሆቴል ተነሥቶ ሦስትና አራት ሰዓት ላይ ጀልባ የሚሳፈር ቡድን ባዶ ውሃ ያያል። ጣናም ጠዋት ጸጥ ይልና ከሰዓት በኋላ በነፋስ ይናወጣል። ጎብኚው ጎርጎራ ማደር አለበት ማለት ነው፤ ለአካባቢው ገቢ የሚያመጣውም ከትኬቱ ይልቅ ይህ አዳር ነው።

ጀልባው ራሱም ሊጎዳ ይችላል። ፈጥኖ የሚያልፍ ሞተር የሚያስነሣው ሞገድ ደንገል ሥር ያለውን ጎጆ ያጥባል። በክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም የጣና ባርበስ የሚባሉት፣ ከደርዘን የሚበልጡ ዝርያዎቻቸው በዓለም ላይ ጣና ብቻ የሚገኙ ዓሦች ወንዝ አፍ ላይ ተሰብስበው ለመራባት ሽቅብ ይወጣሉ። በዚያ ወቅት ወንዝ አፍ ላይ ሞተር ማስነሣት መከልከል አለበት። ጉማሬ ደግሞ ግልገል ሲይዝ ለጀልባ አደገኛ ነው፤ ለፎቶ ብሎ መጠጋት ሰው ያስገድላል። የሕይወት ጃኬት የሌለው ጀልባ ከመነሻው መውጣት የለበትም።

ጸጥ ያለው አማራጭ ታንኳ ነው። ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ብዙ ሳይቆይ ውሃ ይጠጣና ይከብዳል፣ በየጊዜው አዲስ ይሠራል። ይህ ድክመት ይመስላል፤ ለሠሪው ግን የማይቋረጥ ሥራ ነው። የታንኳን ጥበብ ለዘመናት ይዘው የኖሩት ነገደ ወይጦዎች ከጣና ቱሪዝም እዚህ ግባ የሚባል ድርሻ ኖሯቸው አያውቅም። በደንገሉ ዳር ለአጭር ርቀት በታንኳ፣ ወደ ማንዳባ ገዳም ለሚያደርሰው ለረጅሙ መንገድ በሞተር ጀልባ ማድረግ ለወፉም ለሰውም ይበጃል።

እንቦጭና ሌሎች እንቅፋቶች

እ.ኤ.አ. በ2011 በመገጭ ወንዝ መግቢያ የታየው እንቦጭ የተባለው የውሃ አረም ዛሬ የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻው ዋና ችግር ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፣ አበባው ያምራል፣ በጥቂት ሳምንታት እጥፍ ይሆናል። ከክረምት በኋላ ውሃው ከፍ ሲል ይስፋፋል፤ ይኸውም ጎብኚ በሚመጣበት በጥቅምትና በኅዳር ነው። ፕሮፔለር ይይዛል፣ መውጫ ይዘጋል፣ ከሥሩ ያለው ውሃ ኦክስጅን ያጣል። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የተጀመረው የዘመቻ ነቀላ ብዙ ቦታ ቢያጸዳም አረሙ ተመልሷል፤ የሚመግበው ንጥረ ነገር እስካልተቋረጠ ድረስ መመለሱ አይቀርም።

ጸጥታውም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት የውጭ ጎብኚን በእጅጉ ቀንሷል፤ የመተማ መንገድ ደግሞ ከዚያም በፊት የሚያሳስብ ነበር። በዚህ ምክንያት የቅርቡ ዕቅድ በጎንደርና በጎርጎራ መካከል ባለው አጭር መንገድና በአገር ውስጥ ጎብኚ ላይ ቢመሠረት ይሻላል። የአገር ውስጥ ጎብኚ በጥምቀት ጎንደርን ይሞላል፤ ጥምቀት ደግሞ ክሬኖቹ ገና ያልሄዱበት ጥር ነው። ይህ አጋጣሚ እስካሁን በደንብ አልተሠራበትም።

ማን ያሰልጥን፣ ማን ይቆጣጠር?

አርባ ምንጭ ላይ የጫሞ ሐይቅ ጀልባዎች ጎብኚን አዞዎች ወደሚሰበሰቡበት፣ አዞ ገበያ ወደሚባለው ዳርቻ ወስደው ጉማሬና አዞ ሲያሳዩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ስሜን ተራሮች ላይ ያለ ስካውት፣ ማለትም ያለ ታጣቂ አጃቢ፣ መግባት አይቻልም፤ የደባርቅ ወጣት በስካውትነት፣ በአስጎብኚነትና በበቅሎ ኪራይ ኑሮውን ይመራል። ለሰሜን ጣና የሚያስፈልገው የሁለቱ ድብልቅ ነው፦ በማኅበር የተደራጁ ጀልባዎች፣ ያለ አካባቢው አስጎብኚ የማይነሡ።

የአስጎብኚው ዕውቀት ግን እንደ ፋሲል ግቢው የነገሥታት ታሪክ ብቻ ሊሆን አይችልም። ወፉን በስሙ መለየት፣ የደንገሉን ጥቅም ማስረዳት፣ ጭልጋ ላይ ደግሞ አጥንት ሲታይ ማንም እንዳይነካ አድርጎ ቦታውን መመዝገብና ማሳወቅ ይጠበቅበታል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂና ቱሪዝም የሚያስተምሩ ሰዎች ያሉት ተቋም ነው፤ አጭር ሥልጠና ለመስጠት የሚያስፈልገው ውሳኔ እንጂ ሕንፃ አይደለም። ገበሬውም ከስሌቱ መውጣት የለበትም። ክሬን ሽምብራ ሲበላ ኪሳራው የእርሱ ነው፤ ወፉን ሊያዩ የመጡት ከፍለው ሲሄዱ ከክፍያው የሚደርሰው ከሌለ ወፉን በጅራፍ ያባርረዋል፣ መብቱም ነው።

ከከተማው የሚወርደው ውሃ

ብዙ ጊዜ የማይነሣው ጉዳይ የጎንደር ከተማ ራሷ ናት። አንገረብና ቀሃ ከተማዋን ግራና ቀኝ ይዘው ይወርዳሉ፤ ውሃቸው መገጭን ይቀላቀላል፤ መገጭ ደምቢያን አቋርጦ ጣና ይገባል። በወንዞቹ ዳር የሚጣለው ቆሻሻ፣ ከሆቴልና ከመኖሪያ ቤት የሚለቀቀው ፍሳሽ፣ ከተራቆተው ተዳፋት የሚታጠበው አፈር በሙሉ መጨረሻው አንድ ነው። እንቦጩ መጀመሪያ የታየው በዚሁ በመገጭ አፍ ላይ ነው፤ ጉማሬና ወፍ ፍለጋ የሚወጣው ጀልባም የሚያመራው ወደዚሁ ወንዝ አፍ ነው። ለጀልባ ማኅበር ፈቃድ ከመስጠት ጋር ለከተማዋ የፍሳሽ ማጣሪያ ጎን ለጎን በጀት ካልተያዘ፣ ጥር ላይ ለጥምቀት የመጣ እንግዳ በመገጭ አፍ የሚያየው አረንጓዴ ምንጣፍ እንጂ ክሬን አይሆንም።